እብነበረዱን ያበላሸነው እኛው ነን



ይህን ጽሑፍ የምንጀምረው የራሳችንን ጥፋት በመናገር ነው።

ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሰፈራችንን መስጂድ ለማጽዳት ተሰባሰብን። ሃያ የምንሆን ወጣቶች ነበርን። ምንጣፉ ወጥቶ ተራገፈ፣ መስኮቱ ተወለወለ፣ የሸረሪት ድሩ ከየጥጉ ተጠረገ። የቀረን የመግቢያው ደረጃና የዉዱእ ቦታው ነበር። ሁለቱም ነጭ እብነበረድ ናቸው። ያንን እብነበረድ ለማንጠፍ ሰፈሩ ሦስት ዓመት ነው ያዋጣው። ዐረብ ሀገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ከደመወዛቸው እየቀነሱ የላኩት አለበት። አንዲት እናት የጆሮ ወርቃቸውን አውልቀው በፌስታል ጠቅልለው ለኮሚቴው ሲሰጡ ያየን ከመካከላችን አለን።

ከቧንቧዎቹ ሥር ውሃው ሲንጠባጠብ የኖረበት ቡናማ መስመር ነበር። ከደረጃው ላይ ደግሞ ያለፈው ዓመት ኢፍጣር የሳምቡሳ ዘይት ጠብታዎች። ከመካከላችን አንዱ ከሕንጻ መሣሪያ ሱቅ አምስት ሊትር አሲድ በጄሪካን ገዝቶ መጣ። «የቤታችንን ሽንት ቤት እንዴት አድርጎ እንደሚያጠራው ብታዩ!» አለን። ደፋነው። ፍስስ እያለ ነጭ አረፋ ተነሣ። «አያችሁ ቆሻሻው ሲወጣ!» ተባባልን፤ በመጥረጊያ ፈትገን በውሃ ለቀቅነው። ቪዲዮ ቀርጸንም ለጠፍን፤ «ማሻአላህ» የሚለው አስተያየት ጎረፈልን።

በማግስቱ ለሱብሒ ስንመጣ ድንጋዩ ደርቋል። መብራት የማይመልስ፣ ሲረገጥ የሚሻክር፣ አሲዱ የፈሰሰበት መንገድ ሁሉ እንደ ካርታ የሚታይበት ነገር ሆኖ አገኘነው። ቡናማው መስመር ግን ብዙም አልለቀቀም። መስጂዱን ከጭቃ ቤትነቱ ጀምሮ የሚያውቁት ሼህ ጫማቸውን አውልቀው ደረጃው ላይ ቆሙና በእግር ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። «ልጆቼ፣ ይሄ ትናንት መስታወት ነበር። ዛሬ ሞረድ አደረጋችሁት» አሉን። አልተቆጡም። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

ያ አረፋ ቆሻሻ አልነበረም። ድንጋዩ ራሱ ነበር።

እብነበረድ ማለት ከመሬት በታች በሙቀትና በግፊት የበሰለ የኖራ ድንጋይ ነው። ዋናው ንጥረ ነገሩ ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል፤ የእንቁላል ቅርፊት የተሠራውም ከዚሁ ነው። የእንቁላል ቅርፊት ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ውስጥ ብትከቱት አረፋ እየሠራ ሲሳሳ ታያላችሁ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ደግሞ ከሎሚ እጅግ የበረታ ነው። ድንጋዩን በውሃ ወደሚሟሟ ጨው ይለውጠውና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ያስወጣል፤ አረፋው እሱ ነው። የሟሟውን እኛ በባሊ ውሃ ወደ ፍሳሽ ቱቦ ለቀቅነው። የእነዚያ እህቶች ሶደቃ የተወሰነው ክፍል በዚያ ከሰዓት በዚያ ቱቦ ሄደ።

ስህተቱ የመጣው ከአንድ ቃል ነው። በሰፈራችን ወለል ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ «እብነበረድ» ይባላል። ሽንት ቤት ውስጥ ያለው ግን ሴራሚክ ነው፤ በእሳት የተተኮሰና መስታወት የተቀባ ሸክላ ስለሆነ ያ አሲድ ፊቱን አይበላውም (በመካከሉ ያለውን ሲሚንቶ ግን ይበላዋል)። ግራናይትና ጥቁር ድንጋይም እንደ እብነበረድ አይፍለቀለቁም፤ ሆኖም በውስጣቸው ብረት ያለበት ማዕድን ስላለ አሲድ ሲነካቸው ሊዝጉ ይችላሉ። ስለዚህ ማንም ሰው የመስጂድ ወለል ከመንካቱ በፊት አንድ ነገር ያድርግ፦ ሰው በማያየው ጥግ አንዲት ጠብታ ሎሚ ያንጠባጥብ። ከተፍለቀለቀ ወይም ሲጠረግ የደበዘዘ ነጥብ ከተወ ያ ድንጋይ የአሲድ ጠላት ነው። ሎሚም፣ ኮምጣጤም፣ «የሽንት ቤት ማጽጃ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ፈሳሽም አይቀርበው።

እዚህ ላይ ስለ ድንጋይ ብቻ ሳይሆን ስለ ሕይወት አንድ ነገር እንበል። አሲድን ከበረኪና ጋር መቀላቀል ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። መስኮት በሌለው የዉዱእ ክፍል ውስጥ ይህን ያደረገ ሰው ሳንባው ሊጎዳ፣ ሊሞትም ይችላል። «ሁለቱን ደባልቄ ባደርገው ይበረታል» የሚል ወንድም ካያችሁ እጁን ያዙት።

ታዲያ እብነበረድ በምን ይጸዳል? መልሱ በጣም ቀላል ስለሆነ ማንም አይወደውም፦ በውሃ፣ በለስላሳ መጥረጊያና አሲድ በሌለው ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና፤ ከዚያም በንጹሕ ውሃ አጥቦ ማድረቅ። ማድረቁ ዋናው ነው። ውሃችን ኖራ የበዛበት በሆነ ከተማ ሁሉ፣ በየሶላቱ ከዉዱእ የሚፈሰው ውሃ በራሱ እንዲደርቅ ሲተው ነጭ ቅርፊት እየተወ ይሄዳል። ያንን ቅርፊት በአሲድ እናነሣለን ስንል ድንጋዩን አብረን እናነሣለን፤ ቅርፊቱም ድንጋዩም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸውና አሲዱ አይለያቸውም። ጎማ ባለው የውሃ መጥረጊያ ከእያንዳንዱ ሶላት በኋላ ውሃውን ወደ ፍሳሹ መግፋት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የሽቦ ማጠቢያም አይነካው፤ ይቧጭረዋል፣ የሚበጣጠሰው የሽቦ ብናኝም ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ይዝጋል።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሌላው ጠላት አሸዋ ነው። የአሸዋ ቅንጣት ከእብነበረድ ይጠነክራል። በጁሙዓ ቀን ስንትና ስንት ጫማ በደረጃው ላይ አሸዋ እየጎተተ ሲወጣ እያንዳንዱ እርምጃ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ከደረጃው በፊት ወፍራም የእግር መጥረጊያ ማንጠፍና በየቀኑ ማራገፍ ከማንኛውም ኬሚካል በላይ ድንጋይ ያቆያል።

ዘይቱን በተመለከተ፣ እኛ ያደረግነውን ትታችሁ እንዲህ አድርጉ። ሻይ ቤት የሚጠቀሙበትን ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ለውሳችሁ እንደ ወፍራም ገንፎ አድርጉት፤ እድፉ ላይ ቀቡት፤ በፌስታል ሸፍናችሁ ጠርዙን በማጣበቂያ ዝጉት። በማግስቱ ግለጡትና እንዲደርቅ ተዉት። ሲደርቅ ከድንጋዩ ውስጥ ዘይቱን እየሳበ ይወጣል። አንዴ ካልበቃ ይደገማል። ዘዴው አዲስ አይደለም። ሕንድ ሀገር አግራ ያለው ታጅ ማሐል በጭስና በአየር ብክለት ነጩ እብነበረድ ቢጫ ሲሆንበት የሚያጸዱት ሙልታኒ ሚቲ በሚባል የሸክላ አፈር ለጥፈው፣ አፈሩ ሲደርቅ አጥበው ነው። ሻህ ጀሃን ለሚስቱ ያሠራው፣ ዓለም የሚጎርፍለት ሕንጻ በጭቃ ይታጠባል፤ የእኛ ሰፈር ደረጃ ግን በአሲድ!

የተበላው እብነበረድ ግን በማጽዳት አይመለስም። ፊቱ ስለጎደለ ፊት ሊሠራለት ይገባል። ሰም ወይም «ማብረቂያ» መቀባትም ለሳምንት ያታልላል እንጂ አያድንም። ባለሙያ ፈልገን አመጣን። ድንጋዩን በውሃ እያራሰ፣ የአልማዝ ብናኝ ያለባቸውን ክብ ፓዶች በማሽን ላይ እየቀያየረ፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው ፈገፈገው፦ 50፣ 100፣ 200፣ 400 እያለ። ለመስታወት መሳይ ብርሃን ከተፈለገ 800፣ 1500፣ 3000 ድረስ ይሄዳል። አንዱን ደረጃ መዝለል አይቻልም፤ የተዘለለው ፓድ ሊያጠፋው የነበረው ጭረት መጨረሻ ላይ ፊቱን ይገልጣል። ውሃ የግድ የሆነው ለድንጋዩ ሲባል ብቻ አይደለም። በደረቁ የሚፈጨው ብናኝ፣ በተለይም የግራናይትና የጥቁር ድንጋይ፣ ሠራተኛው ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል። በነፃ እንሠራለን ያላችሁ ወጣቶች ያለ ውሃና ያለ አፍንጫ መሸፈኛ ማሽን እንዳታስነሡ።

ባለሙያው 400 ላይ ቆመና «ከዚህ አላልፍም» አለን። እኛ እንደ ድሮው እንዲያበራ ፈልገን ነበር። «እርጥብ እግር የሚረግጠውን ድንጋይ መስታወት ማድረግ ሰው መስበር ነው» አለ። ለካ ከመጀመሪያውም የዉዱእ ቦታ ላይ የሚያብለጨልጭ እብነበረድ መነጠፍ አልነበረበትም! ሽማግሌዎቻችን ስንት ጊዜ ግድግዳ ተደግፈው እንደወረዱ ያኔ ነው ያስታወስነው። እውነቱን ለመናገር፣ ኮሚቴዎቻችን ድንጋይ ሲገዙ የሚያዩት ብርሃኑን ነው፤ ማን እንደሚረግጠው አይጠይቁም።

የተሰነጠቁትንና ጫፋቸው የተሸረፈውን ሁለት ሰሌዳዎች ከዚያው እብነበረድ ዱቄት ጋር በተለወሰ ኢፖክሲ ሞላቸው። ቀርበህ ካላየህ አይታወቅም። ቀደም ሲል አንደኛው ስንጥቅ በሲሚንቶ ተመርጎ ነበር፤ እሱን ለማውጣት የፈጀው ጊዜ ከመጠገኑ በለጠ። ከዚያ የተማርነው፦ ድንጋይ ሲሸረፍ ስባሪውን አትጣሉ። ትንሽ ብትሆንም በወረቀት ጠቅልላችሁ ለኮሚቴው ስጡ። የራሱን ስባሪ የሚመስል ምትክ ገበያ ላይ አይገኝም።

እስካሁን ያወራነው በገንዘብና በጉልበት ስለሚካስ ጥፋት ነው። የማይካሰው ሌላ ነው።

በሀገራችን ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች በእጃቸው ፈልጠው፣ በጭቃ ወይም በኖራ አያይዘው የገነቧቸው የድንጋይ መስጂዶች አሉ። የሐረር ጀጎልን ብቻ ብንወስድ በግንቡ ውስጥ 82 መስጂዶች ተመዝግበዋል፤ ከነዚህ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ናቸው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያቆሙት አሚር ኑር ናቸው። ዩኔስኮ ከተማዋን በዓለም ቅርስነት የመዘገባት በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። በወሎም፣ በባሌም፣ በሌላውም አካባቢ ስማቸው ያልተመዘገበ፣ ዑለሞች ቁርኣን ያስቀሩባቸው ትንንሽ የድንጋይ መስጂዶች አሉ። እነዚህን «አደስናቸው» የምንለው ብዙ ጊዜ በሲሚንቶ ለስነን፣ በዘይት ቀለም ቀብተን ነው። ፎቶውም ያምራል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ግን ልስኑ ከነድንጋዩ ፊት እየተገነጠለ ይወድቃል። ያኔ «አሮጌ ስለሆነ ነው፣ ይፍረስና በብሎኬት እንሥራው» እንላለን። አሮጌነቱ ግን ለመቶ ዓመታት አላፈረሰውም። ያፈረሰው የእኛ እድሳት ነው።

ምክንያቱን እንረዳ። አሮጌ የድንጋይ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ ዝናብም ይጠጣል። የጠጣውን ግን በድንጋዮቹ መካከል ባለው ለስላሳ ጭቃ ወይም ኖራ በኩል መልሶ ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ጠንካራና ውሃ የማያሳልፍ ስለሆነ ያንን መተንፈሻ ይደፍነዋል። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይሞክራል፤ የያዘው ጨው ከድንጋዩ ፊት ሥር እየደረቀ ይጋገራል፣ ሲጋገር ይሰፋል፣ ሲሰፋ ፊቱን ልጦ ይጥለዋል። ሌላም አለ፦ ግድግዳ በሙቀትና በብርድ ይንቀሳቀሳል። ማያያዣው ከድንጋዩ ለስላሳ ሲሆን የሚሰነጠቀው ማያያዣው ነው፤ እሱን መተካት ቀላል ነው። ማያያዣው ከድንጋዩ ሲጠነክር የሚሰነጠቀው ድንጋዩ ነው። የጥንት ግንበኞች ይህን ያውቁ ነበር።

በጭቃ የተያያዘ በጭቃ፣ በኖራ የተያያዘ በኖራ ይጠገናል። ለኖራው አንድ እጅ የተቦካ ኖራ ለሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ የተለመደ ምጣኔ ነው። በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ መተው ያስፈልጋል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ነው፤ በዚያ ከሰዓት በአሲድ ከእብነበረዳችን ያባረርነውን ጋዝ እሱ መልሶ ይዞ ድንጋይ ይሆናል። ሱብሓነላህ። ከዚህም ሁሉ በፊት ግን ወደ ላይ ተመልከቱ፦ ጣሪያው ያፈሳል? አሸንዳው ውሃውን ግድግዳው ሥር ይደፋዋል? እሱ ሳይስተካከል የሚደረግ ጥገና ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ቀድሞ የተለሰነ ሲሚንቶ ካለም በመዶሻ አትጣደፉበት፤ አጥብቆ ከያዘ የድንጋዩን ፊት ይዞ ይወርዳልና የሚያውቅ ግንበኛ ይየው።

በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ወር በጦርነቱ የነጃሺ መስጂድ ጉልላትና ሚናራ ሲመታ ሁላችንም አልቅሰናል። ፎቶውን ስንቶቻችን ነን መገለጫችን ያደረግነው! ልቅሶው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከባድ መሣሪያ ሳይተኮስ፣ በቢስሚላህ ተጀምሮ በአልሐምዱሊላህ በሚያልቅ «እድሳት» የሚጠፋው የድንጋይ መስጂድ ፎቶ ማንም ዘንድ የለም።

«ድንጋይ እኮ ነው፤ ገንዘቡ ለየቲም ቢሰጥ አይሻልም?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ጥያቄው ከባድ ስለሆነ በቀላሉ አናልፈውም። እኛ ድንጋይ አናከብርም። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ሐጀረል አስወድን ሲስሙ የማይጎዳ የማይጠቅም ድንጋይ መሆኑን እንደሚያውቁ፣ የሚስሙትም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲስሙት ስላዩ ብቻ መሆኑን ተናግረዋል። ግን ያው ድንጋይ ምን እንደደረሰበት እናስታውስ። በ64 ዓመተ ሂጅራ በመካ ከበባ ካዕባ ሲቃጠል ተሰነጠቀ፤ ዐብዱላህ ኢብኑ ዙበይር (ረ.ዐ) በብር አሰሩት። በ317 ቀራሚጣዎች ነቅለው ወሰዱት፤ በ339 ተመለሰ። ዛሬ ሐጅ የሄደ ሰው የሚያየው በብር ክፈፍ ውስጥ የተያያዙ ትንንሽ ስባሪዎች ናቸው። «ተሰብሯል፣ በሌላ እንተካው» ያለ ሙስሊም አልነበረም። ስባሪው ተሰበሰበ፣ ተያያዘ፣ ተጠበቀ።

ስለ የቲሙም ቢሆን ሒሳቡን እናስላ። እኛ በአንድ ከሰዓት ያበላሸነውን ለማስተካከል የወጣው ገንዘብ ለኢፍጣር ካዋጣነው በለጠ። ያ ገንዘብ ከየት መጣ? ከዚያው ከሰፈሩ ኪስ። ጥገናን የናቀ ጀመዓ በየአምስት ዓመቱ «ለመስጂድ እድሳት» እያለ የየቲሙን ድርሻ ይበላል። የፊቅህ ሊቃውንት የወቅፍ ገቢ በቅድሚያ ለወቅፉ ጥገና ይዋል ሲሉ ይህንን አውቀው ነው። እኛ ጋ ግን ለአዲስ ግንባታ እጁን የማይዘረጋ የለም፤ ለመጥረጊያና ለጎማ፣ ለአሸንዳና ለኖራ ግን ሰጪ አይገኝም። ስም አይጻፍበትምና! በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መስጂዳቸውን ትጠርግ የነበረች አንዲት ሴት ሞታ ሳይነግሯቸው ሲቀሩ ጠየቁ፤ ቀብሯ ድረስ ሄደውም ሰገዱባት። ጠራጊ ነበረች።

አሁን ከእኛ መስጂድ ሁለት ወጣቶች ከባለሙያው ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እየሠሩ ነው። የዉዱእ ቦታው አልቋል። ከደረጃው የታችኞቹ ሁለቱ ገና እንደሻከሩ ናቸው፤ ገንዘብ እስኪሞላ ሼሁ ምንጣፍ አታልብሱባቸው ብለውናል፤ እያየናቸው እንድንገባ። ከአሲዱ ግማሽ ጄሪካን ተርፎ ነበር። ክዳኑን አጥብቀን፣ ከበረኪናው አርቀን፣ በተቆለፈ ቁምሳጥን አስቀምጠን፣ ላዩ ላይ በማርከር በትልቁ ጽፈንበታል፦ «ለሽንት ቤት ሴራሚክ ብቻ»።